ጋሽ መኩሪያ የሰጡኝ ካኪ ፖስታ

ኧረ ባካችሁ፣ አንዳችሁ ውሸት ነው በሉኝ።

ጠዋት አብራኝ የሠለጠነችው ሰናይት ደውላ «ጋሽ መኩሪያ አረፉ» ስትለኝ «የትኛው መኩሪያ?» አልኳት። የማውቀው መኩሪያ አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እኮ አቃቂ በሰቃ ጫማ ጠጋኙ ጋ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ሲያነቡ ከታክሲ ውስጥ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ወርጄ ሰላም አላልኳቸውም። ለምን እንዳልወረድኩ እነግራችኋለሁ፤ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ መኩሪያ እኛን የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የምርምር ፕሮፖዛል አጻጻፍ ያሠለጠኑን አንጋፋ መምህር ናቸው። ድጋፍ የሚሰጥ የውጭ ድርጅት ጥናታችንን አምኖ እንዲቀበለን እንዴት እንደሚጻፍ ማለት ነው። ስልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ ቃሊቲ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እጃቸውን አንስተው ዝም ይላሉ፤ መኪናው ሲያልፍ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እኛ እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለሰርተፍኬቱ ነው።

አንድ አመል ነበራቸው። በእንግሊዝኛ ከመጻፋችን በፊት አንድ ገጽ በአማርኛ ያስጽፉንና «ሂዱ ለባለቤቱ አንብቡለት፤ ፈረንጁ ይደርሳል» ይሉናል። ባለቤቱ ማለት ችግሩ ያለበት ሰው ነው።

የኔ ጥናት ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስለነበር አቃቂ ወንዝ ዳር ይዘውኝ ወረዱ፣ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙት እማማ ብርቄ ጋ። ቆሜ አነበብኩ። እማማ ብርቄ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ ስታነቢ ደስ ትያለሽ፤ ግን ምን ልትሠሪ ነው?» አሉኝ። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ እማማ ብርቄ ወደሳቸው ዞረው «አንተስ ሁሌ ሰው እያመጣህ ታስነብባለህ፤ የዚህን ውሃ ነገር ማን ይጻፈው? ጎመኔን ሰው ይበላዋል፣ እኔም እበላዋለሁ፤ ደህና ነው አይደለም የሚለኝ አጣሁ» አሏቸው።

ጋሼ መሳቃቸውን ተዉ። «እኔ እጽፈዋለሁ» አሉ።

ሌላው ሕጋቸው ደግሞ፣ ማንም ሰው ጽሑፉን ሌላ ሰው ሳያነብለት አይልክም። «የራስ ጽሑፍ እንዳፈቀሩት ሰው ነው፣ ጉድለቱ አይታይም። ዓይን ተበደሩ!» ይሉ ነበር። የኔን አራት ጊዜ አነበቡልኝ። አንዴማ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ብረቱን ይዘው፣ በሌላው በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ። ያ ጥናት ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ ተመራማሪ የምባለው በዚያ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2003፣ ቢሮዬ መጡ። በፕላስተር የታሸገ ካኪ ፖስታ ይዘዋል። የእማማ ብርቄ ውሃ ጉዳይ ነው፤ ስንት ጊዜ የሌላ ሰው ሲያርሙ ኖረው የራሳቸውን ሲጽፉ የመጀመሪያቸው ነበር። እንደ ልጅ አፍረዋል። «በይ ዓይንሽን አበድሪኝ፤ ሳምንት ይበቃሻል?» አሉኝ።

«ምን ሳምንት ጋሼ፣ በሁለት ቀን!» አልኩ። አፌ።

ለጉባኤ የማቀርበውን የራሴን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነበር። ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ፤ በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ተጫነበት። በስምንተኛው ቀን ደወሉ። «አነበብሽው?»

«አዎ ጋሼ። እንከን የለውም።»

«አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» አሉና እጃቸው ላይ የቀረውን ቅጂ ላኩት።

መልሱ «የተጠናቀቀ ፕሮጀክት አንደግፍም» የሚል ነበር። ለካ ጋሼ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈው ለእማማ ብርቄ አንብበውላቸዋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት የሥራ ዘመኑ ሰንጠረዥ በኛው አቆጣጠር ቀርቷል። ከ2004 እስከ 2006 ይላል። ለኛ ገና የሚጀመር ሥራ ነው፤ ለፈረንጆቹ ግን ካለቀ ዓመታት ያለፉት።

ደብዳቤውን አዳራሹ ውስጥ ራሳቸው አነበቡልን። «ይኸውላችሁ፣ አስተማሪው ወደቀ!» ብለው ሳቁ። ማን እንዳነበበላቸው አልተናገሩም። በሻይ ሰዓት ጥግ ላይ አገኙኝና ትከሻዬን መታ አድርገው «አይዞሽ፣ ዓይን ይስታል። ሁለታችንንም አመለጠን» አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ ሻዬን ጠጣሁ።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ድርጅቱ የሚቀበለው ሥራ ላይ ያለ መምህር ብቻ ስለሆነ ደግመው ማስገባት አልቻሉም። እኔ ግን እችል ነበር። ይህንንም አላደረግኩም፤ ፖስታውን ማየት ያሳፍረኝ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ከታክሲው ያልወረድኩትም ለዚህ ነው።

ጋሼ፣

ፖስታውን ዛሬ ከፈትኩት። ፕላስተሩ እንዳለ ነበር። ሰንጠረዡ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በእርሳስ «ኅዳጉን ሰፋ አድርጌልሻለሁ። ሳታፍሪ አርሚኝ» ብለው ጽፈውልኛል።

ሁለታችንንም አላመለጠንም ጋሼ። እርስዎን አመለጠዎት፤ እኔ አላነበብኩትም።

ነገ ቀብርዎ ላይ እማማ ብርቄ መምጣታቸው አይቀርም። ስለ ውሃው ከጠየቁኝ፣ ጋሽ መኩሪያ ቃላቸውን ጠብቀው ጽፈውት ነበር፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። አራት ጊዜ አበድረውኝ፣ አንዴ ቢጠይቁኝ ዓይኔን ነፈግኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።