ለአምስት ሰው የቀረበ ትሪ

ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ በአንዱ ምሳ ስበላ፣ አጠገቤ አንድ ተማሪ አንድ የጥንት ግሪካዊ ስለ ጦርነት የጻፈውን ታሪክ ሲያነብ አየሁ። ሃይስኩል እያለሁ እኔም ይህንኑ መጽሐፍ ይዤ፣ እዚሁ ሰፈር ከአባቴና ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ቀርቤ ነበር።

ከጓደኞቹ አንዱ ጋሼ ደምሴ ነበሩ፤ የቀድሞ መኮንን፣ ያን ጊዜ የታክሲ ሾፌር። መጽሐፉን ሲያዩ ፈገግ አሉ።

"ይህ ሰውዬ የጦር አዛዥ ነበር። እንዲጠብቅ የተላከበትን ከተማ ጠላት ቀማው፤ አገሩም አባረረችው። የቀማውን ሰው ግን ደግ ነበር ብሎ ጻፈለት" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እኛንም ጦርነት ላይ የማረኩን ሰዎች ቁስላችንን አጥበውልናል" አሉ።

ወንድማቸው ከዚያው ጦርነት ያልተመለሰላቸው ሌላው የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ታዬ እጃቸውን ከትሪው አነሱ። ጥብሱ ገና እየጨሰ ነበር።

"የወንድሜንስ ቁስል ማን አጠበው?"

"እሱን አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።"

"ያየኸውንም ዋጠው። አንተ ድሮም የነሱ ነበርክ።" ወደ አስተናጋጇ ዞሩ። "ለእኔ ለብቻ አምጪልኝ፤ ከከሃዲ ጋር አልበላም።"

ሁሉም እጁን ሰበሰበ፤ አባቴም። ጋሼ ደምሴ ለአምስት ሰው የቀረበውን ትሪ ብቻቸውን፣ ሳይቸኩሉ በሉ። ከዚያ ወዲህ አብረውን ምሳ ሲቀርቡ አላየሁም።

ባለፈው እሑድ አጠገቤ የነበረውን ተማሪ መጽሐፉ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ኦኬ ነው። ግን ሰውዬው የማን ሳይድ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም" አለኝ ጮክ ብሎ።

አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ድምፁን እንዲቀንስ ነገርኩት።