ከጭድ ክምሩ ላይ የተነሣው ፎቶ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጄ ምሳ ጠርታኝ ነበር። አራተኛ ፎቅ ናት። ደረጃውን እያረፍኩ ወጥቼ በረንዳው ላይ አየር ልወስድ ስል፣ ከጎን በረንዳ አንድ ጎልማሳ ጎረቤቷ ጣሪያ ላይ ያረፈ ጭልፊት በካሜራ ሲያነሣ አየሁት። የገጠመው ሌንስ አጭርና ወፍራም ነው፤ የዱቄት ወተት ጣሳ ያህላል። ከፊቱ መሐል ላይ ጥቁር ክብ አለው።

«የመስታወት ሌንስ ነው» አልኩ ሳላስበው።

«ያውቁታል እንዴ፣ አባባ?»

«አውቀዋለሁ» ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በረንዳ ቁልቁል የሚታየው ሁሉ፣ ፎቁም አስፋልቱም የሚኒባሱ ሰልፍም፣ በእኔ ወጣትነት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቦሌ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ግርማ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሶቭየት ኅብረት ተምረው የመጡት ሌሎቹ ፍሪጅና ምንጣፍ ሲያመጡ፣ እሱ አንድ አሮጌ ካሜራና እንዲህ ያለ ሌንስ ይዞ ነው የተመለሰው። ውስጡ መስታወት ነው። የገባው ብርሃን ከኋለኛው መስታወት ወደ ፊተኛው፣ ከፊተኛው ደግሞ ወደ ኋላ እየተመላለሰ ስለሚታጠፍ፣ ክንድ የሚያህለው ሌንስ ስንዝር ሆኖ ይቀራል። ሩቁን ያቀርባል፤ አመሉ ግን ብዙ ነው። የብርሃን መግቢያው አይሰፋ፣ አይጠብ። ደመና ከሆነ አይሠራም። ትንፋሽ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ፣ ጤዛም ይሁን ኩሬ፣ ፎቶው ላይ ቀለበት ቀለበት እየሆነ ይወጣል። ግርማ እነዚያን ቀለበቶች ይወዳቸው ነበር።

እሑድ እሑድ ወፍ ልናነሣ ከሲኤምሲ ወዲያ ወዳለው ገጠር በእግራችን እንሄዳለን። በኤርፖርቱ በኩል ዝር አንልም፤ ያንን ሌንስ ይዞ እዚያ መታየት በገዛ እጅ እስር ቤት መግባት ነው። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ማሳቸው ዳር እንድንቀመጥ ይፈቅዱልናል። ታኅሣሥ ላይ የሽምብራ እሸት ነቅለው ይሰጡናል፤ ጨው ጨው የሚለውን እሸት እየፈለፈልን ዝይና ሳቢሳ እንጠብቃለን። ሌላ ሐሳብ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። ወጣት ሁሉ አፈሳ እየፈራ በሚኖርበት ጊዜ፣ እዚያ ማሳ ዳር ስንቀመጥ ትንሽ እንረሳው ነበር።

እትዬ አስካለ የግቢያችን ጎረቤት ነበሩ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ አንድ ልጃቸውን ዳንኤልን ያለ አባት አሳድገዋል። ዳኒ አብሮ አደጌ ነው። በአንዱ ታኅሣሥ፣ የስፌት ክር ሊገዛላቸው ወጥቶ በዚያው ታፈሰና ለውትድርና ተወሰደ። ከቀናት በኋላ፣ የታፈሱት ልጆች ወደ ማሠልጠኛ እስኪጫኑ ድረስ ከኦቦ ገመቹ ማሳ ማዶ በሽቦ አጥር ውስጥ እንዳሉ ተሰማ። እትዬ አስካለ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ሄዱ። ጠባቂዎቹ ከመንገዱ ላይ መለሷቸው።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

«ሰለሞን፣ ያ ጓደኛህ ሩቅ የሚያይ ካሜራ አለው አይደል?»

«እሱ ለወፍ ነው፣ እትዬ።»

«ዳኒን አሳዩኝ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።»

ለግርማ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ቢይዙን ሰላዮች ናቸው ነው የሚሉን» አለ። ሌንሱን ከነከረጢቱ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከረጢቱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። በኋላ «በጠዋት እንሂድ፤ ፀሐይዋ ከኋላችን ስትሆን መስታወቱ አያንጸባርቅም» አለኝ።

ሦስታችን ስንሄድ ጠዋቱ ይበርድ ነበር። ኦቦ ገመቹ ነገሩን ሲሰሙ እትዬ አስካለን አየት አደረጉና «የወንድሜም ልጅ ሄዷል። ክምሩ ላይ ውጡ፤ ግን ቶሎ በሉ» አሉን። ጤፉ ገና መወቃቱ ስለነበር ጭዱ ትኩስ ሽታ ነበረው። በደረታችን ተኝተን ካሜራውን ጭዱ ውስጥ ቀበር አድርጌ አስደገፍኩና አስተካከልኩት። ልጆቹ ተላጭተው በረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ዳኒን ፈለግሁ፤ አጣሁት።

ቦታዬን ለእትዬ አስካለ ለቀቅኩላቸው። አንድ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በሌላው አዩ።

«ያውና» አሉ። «ያውና ልጄ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ።» ከዚያ ልክ አጠገቡ እንደተቀመጡ ያህል ቀስ ብለው ያናግሩት ጀመር። «ጃኬትህን የት ጣልከው? ብርድ ይመታሃል እኮ። ምነው እንዲህ ከሳህ?»

ግርማ ወደ መንገዱ እያየ «ፎቶውን አንሣና እንሂድ» አለኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከካሜራው አላነሡም፤ ማንሣትም አልፈለጉም። ስለዚህ ጣታቸውን ይዤ ቁልፉ ላይ አደረግሁላቸው።

«ትንፋሽዎን ይዘው እዚህ ላይ ይጫኑ፣ እትዬ።»

ተጫኑት። ያ አሮጌ ካሜራ አንዴ ካነሣ በኋላ ፊልሙ እስኪዞር ድረስ ማያው ይጨልማል። ያንን መንገሩ ትዝ አላለኝም።

«ጠፋ» አሉ። «ሰለሞን፣ ጠፋብኝ።»

ፈጥኜ ፊልሙን አዞርኩ። ብርሃኑ ሲመለስ ልጆቹን አስነሥተዋቸው ነበር፤ ወዲያ ወዲህ ይራመዳሉ፣ አቧራ ተነሥቷል። እትዬ አስካለ ደጋግመው ፈለጉት። ኦቦ ገመቹ ከታች ሆነው «በቃ፣ ውረዱ» እስኪሉን ድረስ ፈለጉት። አላገኙትም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ያንን ቋጠሮ ፈቱና ዳቦ ቆሎውን ለእኔና ለግርማ አካፈሉን። «ብሉ፤ የእሱ ጓደኞች አይደላችሁ» አሉ። በላን። ቅቤና በርበሬ ነበረው። ግርማ እየበላ ያለቅስ ነበር።

ልጆቹ በዚያው ሳምንት በከባድ መኪና ተጫኑ።

ፎቶው ሲታጠብ ተንቀጥቅጦ ወጣ። ጣታቸው ቁልፉን ሲጫን ካሜራው ተነቃንቋል። ከረድፉ ኋላ የሽቦው ጤዛ በፀሐይ አብርቶ ቀለበት ቀለበት ሆኗል፤ ከፊቱ የተላጩ ራሶች፣ ዓይን የሌላቸው ፊቶች። ብዙዎቹ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገዋል፤ ለካ በርዷቸው ኖሯል። እትዬ አስካለ ስፌት መኪናቸው ላይ አስቀምጠው አዩት። በጣታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ።

«የቱ ነው?» አሉኝ፤ እኔን።

አጉልቼ እንዳወጣላቸው ለመኑኝ። አጎላሁት። በጎላ ቁጥር ፊቱ ወደ ነጠብጣብ እየተበተነ ጨርሶ ይጠፋል። ሌላኛውን አሉኝ፤ ሌላኛውን አወጣሁ። እንዲህ እያልን ረድፉን ጨረስነው።

መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ እትዬ አስካለ መንገድ ዳር እየቆሙ ጠየቁ። ዳኒን ያየ አልተገኘም። መርዶም አልመጣም፤ መርዶ ያልመጣበትን ሰው ማልቀስ ነውር መሰላቸውና ሳያለቅሱ አረጁ። ከማረፋቸው ከአንድ ዓመት በፊት ሄጄ፣ ዛሬ የተሻለ መሣሪያ አለና ያንን ፎቶ እንደገና ልሞክረው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተወው» አሉኝ። «እኔ አይቼዋለሁ።»

ቅዳሜ ከልጄ ቤት ስመለስ የዚያን ፎቶ ኔጋቲቭ ከሣጥን አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ከዳኒ ጋር በአንድ ግቢ አድገናል፤ በአንድ ወንበር ተምረናል። አቀማመጡን አውቃለሁ፤ አንገቱን ሲያዘነብል አውቃለሁ። ሚስቴ ለራት ሁለቴ ጠራችኝ። ከዳር ጀመርኩና እስከ ዳር ሄድኩ። የቱ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።