ሰው እንዳይሸሸኝ የበላሁት

ነገሩ የሆነው ቀበሌው እየሰበሰበ ስለ ኤድስ በሚያስተምርበት ዘመን ነው። ልጆቼ ያኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበሩ። ዛሬም ጫማ ባደረግሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ቡሬ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ውሃ ጥሙና ሽንቱ አላስቀምጥ ቢሉኝ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ተመረመርኩ፤ ስኳር ነው ተባልኩ። ነርሷ በሽታው ገና ጀማሪ ስለሆነ በምግብ ልትቆጣጠረው ትችላለህ አለችኝ። እንጀራ ግማሽ፣ ጎመን በርከት፣ ድንች በጥቂቱ፤ ማርና ጠላ ጨርሶ የለም። ባለቤቴ ይታይሽ ይህን እንደ ንስሐ አባት ትእዛዝ ያዘችው። እንጀራውን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ከፊቴ ታነሳው ነበር።

በአራት ወር ስኳሬ ወረደ፤ እኔም ከሳሁ። የራሴን ሱሪ በራሴ የስፌት መኪና ሁለት ጊዜ አጠበብኩ። ሞኝ ነኝና ሰውም አብሮኝ የሚደሰት መሰለኝ።

በዚያ ዘመን የከሳ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ ብቻ ነበረው። መጀመሪያ ሴቶቹ እጄ እንዳይነካቸው የቀሚሳቸውን ልክ ከቤት በክር ለክተው ማምጣት ጀመሩ። ቀጥሎ ከልጆቼ ጋር የሚጫወት ጠፋ። ስኳር ነው ብል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው ተባለ። ደሜን ተመርምሬ ነፃ መሆኔን የሚናገር ወረቀት አሳየሁ። ወረቀትማ ይጻፋል አሉ።

ቁርጡን ያወቅሁት የሚካኤል ማኅበር ዕለት ነው። ጠላ ብተውም ከጽዋው አንድ ጉንጭ እቀምስ ነበር፤ ጽዋ አይታለፍማ። የዚያን ቀን ግን ከጎኔ ያለው ሰው ጠጥቶ እኔን ዘለለና ለቀጣዩ ሰጠው። ለእኔ ለብቻዬ በጣሳ ተቀድቶ መጣ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን አያ ጥላሁን፣ የበኩር ልጄ ክርስትና አባት ናቸው። ጠጋ ብለው፣

«አትቀየመን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኛም ልጆች አሉን» አሉኝ።

ጣሳውን ሳልነካ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለይታይሽ ነገርኳት። ተነስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ሙሉ እንጀራ ዘርግታ አቀረበችልኝ።

«ብላ» አለችኝ። «ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገድልህ። ይሄ ሐሜት ግን ልጆቻችንን በቁማቸው ይቀብራቸዋል።»

በላሁ። ገንፎውን በቅቤ፣ ድንቹን፣ ማሩን ሁሉ በላሁ፤ ጠላም ጀመርኩ። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ሐኪም ቤት መሄዱን ተውኩት። ጉንጬ ሞላ፤ ሰውም ተመለሰ። አያ ጥላሁን ጽዋውን በገዛ እጃቸው አቀብለውኝ «ሚካኤል ማረልን» አሉ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ አሜን አለ። እኔም እየሳቅሁ ጠጣሁ። ጠላው እንዴት እንደጣፈጠኝ ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። መኪናዬን የምረግጠው በባዶ እግሬ ነበር። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞት ኖሮ፣ የመርገጫው ብረት ጣቴን ሲልጠው ምንም አልተሰማኝም። ቁስሉን ያየችው ይታይሽ ናት፣ እግሬን ልታጥበኝ ጎንበስ ስትል። መጀመሪያ ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ በዓመቱ ደግሞ ግማሽ እግሬ።

አያ ጥላሁን ሊጠይቁኝ መጥተው አልቅሰዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ሰው ስለ ስኳር ያውቃል፤ ብከሳም የሚሸሸኝ የለም። ለእኔ ግን ረፍዷል። ዓይኔም ደክሞ በመርፌው ቀዳዳ ክር ማስገባት አቅቶኛል። ይታይሽ አንዳንዴ እኔ ነኝ የገደልኩህ ትላለች። አይደለሽም እላታለሁ፤ አታምነኝም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያ ቀን ቢመለስ፣ እግሬን እንደማጣው እያወቅሁ፣ አሁንም የምበላ ይመስለኛል።