የቆስጣ አምሮት

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የበኩር ልጄን አርግዤ ፊቴ አመድ መሰለ። አዋላጇ እትዬ ዘሀራ «አረንጓዴ ቅጠል ካልበላች ለልጁም እፈራለሁ» አሉ። በዚያ ድርቅ ቅጠል የነበረው ግን በመንገድ ሠሪዎቹ ጣሊያኖች ግቢ ብቻ ነው። አማቴ ደግሞ «የጠላት ቆስጣ ቤቴ አይገባም!» ብለው ምለዋል።

እኔን ግን አማረኝ። ተደብቄ ሄጄ ስቀነጥስ አትክልተኛው ጣሊያን ከች አለ! ቋንቋ የለን፣ በድንጋጤ ሆዴን እያሻሸሁ ቆስጣውን አሳየሁት። የእርጉዝ አምሮት በአገሩም አይከለከል እንደሁ እንጃ፣ ሳቀና እቅፍ ሙሉ ቆርጦ ሰጠኝ። እየተመላለስኩ በላሁ፤ ፊቴም ወዛ።

አንድ ጠዋት ስሄድ ሌላ ነፍሰ ጡር ቀድማኝ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ጠጋ ብዬ ባያት አማቴ ናቸው፤ ጋቢ ጠቅልለው ከቀሚሳቸው ሥር ወሽቀዋል።

«ምን ያስፈጥጥሻል?» አሉኝ። «እኔንም አማረኝ!»