የቀዩ ሻሽ ፎቶግራፍ

ይህን ፎቶግራፍ ከሣጥን ባወጣሁት ቁጥር የባሩድና የአምባዛ ዓሣ ሽታ ይመጣብኛል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሽታው የአፍንጫዬ ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም አመሰግነዋለሁ። ፎቶው ላይ እናቴ መሐል ተቀምጣለች፤ እኔና እህቴ በግራና በቀኝ ቆመን ጥርሳችንን አሳይተናል። ያየው ሁሉ «ማንን አጥታችሁ ነው?» ይለኛል። ካሜራ አይዋሽም የሚሉ ሰዎች እኛ ቤት መጥተው አያውቁም።

ጣሊያን መተማ ሲገባ አባቴ ከአርበኞች ጋር ወደ ቋራ ጫካ ገባ፤ እኛ ድንበሩን ተሻግረን ጋላባት ዳር በሣር ጎጆ ተጠለልን። በክረምቱ ንዳድ ሁላችንንም ጣለን፤ እግዜር ይመስገን፣ ሁላችንም ተነሣን። እናቴ «ልጆቹ ደህና ናቸው» ብላ በመልእክተኛ ላከችለት። አባቴ አላመነም። በአገራችን ሰው ሞቶ መርዶው እስኪነገር ድረስ የሚባለው ይኸው ነዋ፤ «ደህና ነው።» መልእክተኛው ተመልሶ «የትኛው ልጄ ነው እያለ እህል አልቀምስ ብሏል» አለን።

በዚያ ሰሞን የስደተኛ ኑሮ በፎቶ የሚያነሣ አንድ ፈረንጅ በሱዳን በኩል መጣ። እናቴ ፎቶግራፍ ተነሥተን ለአባቴ እንድንልክለት ቆረጠች። ነገር ግን በንዳዱ ጊዜ ራሷን ተላጭታ ነበር፤ የተላጨ ራስ ደግሞ ሐዘን ነው። ጎረቤታችን፣ የሙስሊሙ ነጋዴ ሚስት፣ ደማቅ ቀይ ሻሽ ይዛ መጣች።

«እሰሪው እቴ፤ ሐዘንተኛ ቀይ አያስርም።»

ፈረንጁ የፈለገው መከራችንን ነበር። የሰው መከራ የሚያስጎመጃቸው ሰዎች፣ እስከ ዛሬ እንዳየሁት፣ ጥሩ ጫማ ያደረጉ ናቸው። ነጋዴው እያስተረጎመ «አትሳቁ ይላል» አለን።

«ልቅሶ ቤት አልመጣህም ይበሉልኝ!» አለች እናቴ፤ ወደ እኛም ዞራ «ሳቁ፤ የሚያያችሁ አባታችሁ ነው።»

ሳቅን። ትንሹ ወንድማችን ግን በመጨረሻዋ ቅጽበት መሣሪያውን ፈርቶ ከእናቴ ጀርባ ተወሸቀ። ማንም ልብ አላለም።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ እናቴ ገበያ ነበረች። ነጋዴው ደግ ሰው ነውና ሳይውል ሳያድር ከነመጠቅለያው ለመልእክተኛው ሰጠው። በዚያ ዘመን ፎቶ ቀይ ቀለም ጥቁር ሆኖ እንደሚወጣ ማናችን እናውቃለን?

አባቴ በጠራራ ፀሐይ ከች አለ። ሰላም እንኳ አላለም።

«ማንን ቀበርሽ?»

«ማንንም! ምን ሰሙ?»

«ትንሹስ?»

«ወንዝ ወርዷል፣ ሊዋኝ።»

«ይህንኑ እንደምትይኝ መንገድ ላይ አውቄዋለሁ» አለና ጠመንጃውን በጉልበቱ መሐል አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ወንድሜ እርቃኑን፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠቅልሎ፣ አንድ አምባዛ በጅራቱ እየጎተተ ብቅ አለ። አባቴ ፎቶውን እንደያዘ ከነዓሣው አቀፈው። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ዓሣውንም አብረን በላነው። ሲመሽ ፎቶውን ለእኛ ትቶ ወደ ጫካው ተመለሰ።

ያ ፎቶ በደንብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አባቴ ሳቃችንን አይቶ እዚያው ጫካው ውስጥ ይረጋጋ ነበር። ስለዚህ ፈረንጁንም፣ ነጋዴውንም፣ ፈሪውን ወንድሜንም አመሰግናለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ የአባቴ ጓዶች መጡ። ጎጆው ደጃፍ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ደህና ነው፤ ከኋላ ይመጣል» አሉ።

እናቴ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ቀዩን ሻሽ ቀስ ብላ ፈታችው።