የኩልል መስኮትና ወፎቹ

ሰኞ መጋቢት 16 ቀን ረፋዱ ላይ ወንድሜ የአንድ መታጠቢያ ቤት መስታወት ሦስቱን ጎን ቆርጦ አራተኛውን ሳይቆርጥ ቀረ። መቁረጫው አልማዝ በእርሳስ የተሰመረው መስመር ላይ እንደተጋደመ ነበር። በአንድ ሱቅ አብሮት የሚሠራው አናጢ ጀርባውን ሰጥቶት ሲያወራለት ቆይቶ መልስ ሲያጣ ዞር አለ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከድኗል። አናጢው እንቅልፍ መስሎት ድምፁን ቀነሰና ወሬውን ቀጠለ። ሐኪሙ በኋላ ልቡ ነው አለ።

በቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ወንድሜ ወፍ ወዳድ እንደነበረ ተናገረ። አንዱማ “ከሰው ይልቅ ወፍ ይቀርበው ነበር” አለ። ስለ ሞተ ሰው ደግ ደጉን ማውራት ያለ ነው። የተባለው ግን ትክክል አይደለም፤ የእኔ ሥራ ደግሞ መዝገብ መጠበቅ ስለሆነ ስህተት እያየሁ ማለፍ ይቸግረኛል። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ወንድሜ መስታወት ገጣሚ ነበር። የመስኮት፣ የበር፣ የሱቅ ፊት፣ የመደርደሪያ፣ ያገኘውን ሁሉ ይገጥማል። ሰፈሩ ያወጣለት ስም “ኩልል” ነው። ስሙ የወጣለት አንድ ፋርማሲ በር ላይ ነው። የገጠመውን በር እስኪበቃው ወልውሎ ሄደ፤ ባለፋርማሲው በነጋታው በሩ ክፍት መስሎት በመስታወቱ ውስጥ ሊያልፍ ሞከረ። አፍንጫው በፋሻ እንደተጠቀለለ ለመጣው ሁሉ፣ “እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ፤ ኩልል ያለ ነው። ስመታው እንኳ አላየሁትም” እያለ ያወራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ማስታወቂያ አላስፈለገውም።

እሱ ባለበት ቤት መስታወት ላይ የጣት አሻራ መተው ነውር ነበር። እኔ የመጨረሻ ታናሹ ነኝ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። እስከ ዛሬ መስኮት አጠገብ ስቆም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የምቆመው።

ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች። የዕድሜዋን እኩሌታ ቆማ ከተማ ለከተማ ስትዞር የኖረች ሴት ናት። ምላሷ ስለት ነው፤ ሁለት ወንበር ላይ የተዘረጋ ጎረምሳ በአንድ ቃል ሰብስባ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመ። ከዚያ በኋላ መንገዷ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ።

“ይሄ መስመር ተሳፋሪ የለውም” አለችኝ አንድ ቀን። ያን ሰሞን ከተናገረችው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ወንበሯ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እሱን እያየች እየቆየ እየቆየ ዝም አለች። ወንድሜ ስድቧን ለምዶ የኖረ ሰው ነው፤ ዝምታዋ ግን አስፈራው። እኔን ጠርቶ፣ “እሷ እኮ ከሰላምታ በቀር ምንም አትለኝም” አለኝ፤ ቤቱ ሌባ የገባበት ሰው ለፖሊስ እንደሚያመለክት ሁሉ።

ከዚያ ግድግዳውን አፈረሰው። በምትኩ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ መስታወት ገጠመ። በሕይወቱ ከገጠመው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሰው ሲገባ ጓሮው ሳሎን ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እትዬ ተደግፋ ብዙ አየችና፣

“ጥሩ ነው” አለች። “ግን ምኑን ልየው?”

እውነቷን ነው። ጓሮው ውስጥ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የውሃ በርሜልና አንድ ዛፍ ነበር።

“የሚመጣ አይጠፋም” አላት።

“በየት በኩል? አጥር አለን እኮ።”

በማግስቱ ከእህል መደብር ማሽላ ይዞ መጣ። ወፍ ማብላት ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ሥራ ቦታ፣ መወጣጫው ላይ እንደተቀመጠ ምሳውን ሲበላ፣ ፍርፋሪውን የገጠመው መስኮት ደፍ ላይ ያራግፋል፤ ወፎች መጥተው ይለቅሙለታል። “እነሱ ካልበሉት መጥረጉ የኔ ነው” ይል ነበር። እንግዲህ ወፍ ወዳድነቱ እስከዚህ ድረስ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ሠርቶ ከወረደ በኋላ ወፎቹ ለሳምንታት መስኮቱን እየነቆሩ ምሳ ሲጠይቁ፣ ባለቤቶቹ ስልክ ደውለው ከሰውታል።

ጓሮ ላይ ግን እንዲያ አላደረገም። ከመስኮቱ ራቅ አድርጎ፣ ዛፉ አጠገብ አንድ ቋሚ ተከለና ሳህን ሰካበት። አናጢው፣ “ለምን አቅርበህ አታደርገውም? ሴትዮዋ እንድታይ አይደል?” ቢለው፣

“ወፍ ኩስ አለው” አለ። “ኩስ መስታወት ላይ ይደርቃል።”

መጀመሪያ ድንቢጦች መጡ፤ ቀጥሎ ርግቦች፤ ከእነሱ ኋላ አንድ ቁራ፣ ለቁጥጥር የተላከ ይመስል። እትዬም ሥራዋን ጀመረች።

“ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ኋላው ባዶ ነው። አንተ ወፍራሙ፣ ሁለት ቦታ ይዘሃል፤ የሁለት ነው የምትከፍለው። አንቺ ደግሞ ምን ትገፊያለሽ፣ ሁላችንም እንደርሳለን።”

መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ አንዳቸውም አይሰሟትም። “ተሳፋሪም አይሰማም ነበር” አለች። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ማን ማንን እንደገፋ፣ ማን ሳይከፍል እንደወረደ ታወራለታለች። እሱም እጁን እየታጠበ፣ “ታዲያ ምን አልሽው?” እያለ ይሰማል።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ድንቢጥ ከዛፉ ተነሥታ በሙሉ ፍጥነት መስታወቱን መታችው። ሌላ ዛፍ ያየች መስሏት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ዛፍ ከእውነተኛው ይልቅ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ድው አለ።

“ወራጅ አለ” አለች እትዬ፣ ከልማድ።

ከዚያ ድንቢጧ እንደማትነሣ አየች። ሁለተኛ ይህን ቃል አልተናገረችም።

ከዚያች በኋላ አንድ ርግብ ሞተ። ከዚያ እንደገና ድንቢጥ። ክፉው ነገር መሞታቸው ብቻ አልነበረም። እትዬ ተነሥታ ማንሳት አትችልም፤ ወንድሜ የሚመለሰው አመሻሹ ላይ ነው። ጠዋት የሞተ ወፍ ከእግሯ ሥር፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ይውላል፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

“ስማ አንተ ሰውዬ” አለችው አንድ ቀን። “ወይ ወፎቹን አባርር፣ ወይ መስኮቱን ድፈን። እኔ ሬሳ ለመጠበቅ አልተቀጠርኩም።”

ወፎቹ ከቀሩ የምታየው ገመድና በርሜል ነው። መስኮቱ ከተደፈነ ደግሞ ያው ግድግዳ። በሁለቱም መንገድ የሚመለሰው ያ ዝምታ ነበር፤ ወንድሜ ይህን ያውቃል። አሥር ቀን ፈቃድ ጠየቃት፣ እንደ መሥሪያ ቤት።

መጀመሪያ አናጢው ከእንጨት ጭልፊት ቀረጸለት። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። እትዬ መነጽሯን አስተካክላ አየችው።

“ዶሮ ናት?”

“ጭልፊት ነው” አለ አናጢው።

“ታዲያ እንቁላሏ የመጣባት ለምን ትመስላለች?”

“ወፎቹ እንደሱ አያዩትም፣ እትዬ።”

ወፎቹም እንደሷ ነው ያዩት። በማግስቱ አንድ ርግብ ጭልፊቱ ራስ ላይ ቆሞ ላባውን ሲያበጥር ዋለ።

ቀጥሎ ወንድሜ የሙያውን ዘዴ ሞከረ። አዲስ ሕንፃ ላይ መስታወት ሲገጠም ሠራተኞች እንዳይላተሙበት በኖራ ትልቅ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል፤ ርክክቡ ሲደርስ ይታጠባል። የራሱን መስኮት እንደዚያ አደረገው። ጎረቤቶች ቤቱ ተሽጦ እድሳት ላይ ያለ መሰላቸው። እትዬ፣ “ቤቴን አስተማሪ ያረመው ፈተና አስመሰልከው” አለችው። ወፎቹ ኖራውን ትተው በክፍቱ በኩል እየመጡ ተላተሙበት።

በመጨረሻ ሳሙና ይዞ መስታወቱን በሙሉ ጠባብ ጠባብ አድርጎ እንደ ወንፊት አሰመረው። ይሄኛው ሠራ። አንድም ወፍ አልመታም። ወፎቹ አሉ፣ ይበላሉ፣ ይጣላሉ። ከውስጥ ሲታዩ ግን ጉም ውስጥ ያለ ጥላ ናቸው። ወንድሜ ውጤቱን ለማየት ከሥራ በጊዜ ቢመጣ እትዬ ወንበሯን አዙራ፣ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የበሩን እጀታ እያየች አገኛት።

“ምነው?” አላት።

“ደኅና ዋልክ?” አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

የዚያን ዕለት ምሽት ደውሎልኝ፣ “ሰላምታው ተጀመረ” አለኝ።

በማግስቱ ወንድሜና አናጢው አንድ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይሠሩ ነበር። መወጣጫው ጠባብ ስለነበር ፍርፋሪውን እንደ ልማዱ ያራገፈው መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አፍንጫው ሥር ነው። ድንቢጦች መጡ። እሱ እህል ያኝካል፣ ያያቸዋል። አናጢው ሲተርክልኝ፣ ወንድሜ ማኘኩን አቆመ አለ። አንዷ ድንቢጥ ስትነሣ መስታወቱን በክንፏ ነካችው፤ ተቆጣች፤ ዞራ ሄደች።

“ተመልከት” አለው ወንድሜ።

“ምኑን?”

“ስንት ዓመት በየመስኮቱ ሥር ሳበላ አንድ ወፍ ሞቶብኝ ያውቃል?”

“አንድም።”

“ከቆመችበት ነው የምትነሣው። መንደርደሪያ ቦታ የላትም። ለሞት የሚያበቃ ፍጥነት የምትይዘው ከሩቅ ስትመጣ ነው።” ቀጥሎ የተናገረውን አናጢው አንድ ቃል ሳይለውጥ ነው የነገረኝ። “ሳህኑን ያራቅሁት መስታወቴ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።”

አናጢው፣ “እኔ አቅርበው ብዬህ ነበር” አለው።

“ብለኸኛል።”

“አስታውስልኝ።”

“ጭልፊትህንም አስታውሳለሁ” አለው ወንድሜ።

ያን ቀን ሥራውን ትቶ ቤት ገባ። ሳሙናውን አጠበ። ሳህኑን ከቋሚው ነቅሎ፣ በመስኮቱ ክፈፍ ላይ ብረት አስሮ፣ ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ሰካው። ከዚያ የእትዬን ወንበር እሷው እንደተቀመጠችበት ጎትቶ አዞረው።

“እየጎተትከኝ ነው?” አለችው።

“መስመር ተቀይሯል” አላት።

አሁን ወፎቹ ከጉልበቷ ፊት ሆኑ። ዓይናቸው ሲርገበገብ፣ ምላሳቸው ሳይቀር ይታያታል። መስታወቱን የሚነካ አልታጣም፤ የሞተ ግን አልነበረም። ምላሷም ተመለሰ። ቁራውን “ተቆጣጣሪው” አለችው፤ ይፈራው የነበረው ርግብ ደግሞ “ባለ ሐሰተኛ ቲኬት” ተባለ።

ኩሱ ወንድሜ እንደፈራው ሆነ። መስታወቱ በሳምንቱ የኖራ ግድግዳ መስሎ ታየው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይሄድ ይወለውል ጀመር። ሲወለውል ወፎቹ ይሸሻሉ፤ ከሸሹ ደግሞ ለመመለስ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ እትዬ የጠዋት ተሳፋሪዋን እያጣች መጣች።

“ተወው” አለችው።

“እንደዚህ ሆኖ አይታይም እኮ።”

“እኔ የማየው ወፍ ነው። መስታወት ማየት የምትፈልገው አንተ ነህ።”

ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መስታወት አልወለወለም። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው እሱን የመሰለ ሰው ለምን እንደተወው ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ ሰነፈ እንዳይለው ነው።

ዋጋም ነበረው። አንድ ባለ ሆቴል የአዳራሽ መስታወት ሊያሠራ ፈልጎ፣ ስለ ትልቁ መስኮት ዝና ሰምቶ ሊያየው ቤት ድረስ መጣ። መስኮቱ ፊት ቆመ። አንድ ርግብ በመጋረጃ ዘንግ ርዝመት ኩሱን ለቅቆበት ነበር።

“ይሄ ነው?” አለ ሰውዬው።

“ይሄ ነው።”

“የገጠመው ማነው?”

“እኔ ነኝ” አለ ወንድሜ።

“ግቡና ተቀመጡ” አለች እትዬ፤ “ቦታ ሞልቷል።” ሰውዬው ቸኩያለሁ አለ። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። አናጢው፣ “እንግዲህ ስምህን ልንለውጠው ነው” ቢለው ወንድሜ፣ “ለውጡት” ብሎ አልማዙን አነሣ። ስሙ ግን አልተለወጠም፤ ሰፈር አንዴ ያወጣውን ስም መልሶ አይወስድም።

የመጨረሻው ተጀምሮ ያለቀ ጉዳይ የመነጽሩ ነው። እትዬ መነጽሯ ላይ ተኝታበት አንዱ ዘንግ ተሰብሮ፣ ለመጠገን ተሰጥቶ ነበር። በሞተበት በዚያው ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ሳይከፍት፣ ወንድሜ ወደ መነጽር ቤቱ ሄደ። ሻጩ አውጥቶ ሰጠው። ወንድሜ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

“ተወልውሏል?” አለ።

“በደንብ ተወልውሏል፣ ጋሼ።”

ወንድሜ ከኪሱ የማትለየውን ጨርቅ አውጥቶ፣ እፍ እያለ፣ ሻጩ ሌሎች ሁለት ሰዎች አስተናግዶ እስኪጨርስ ድረስ ወለወለው። ከዚያ ቤት ተመልሶ፣ እትዬ ገና ቁርሷን እየበላች ስለነበር፣ ራሱ አፍንጫዋ ላይ አደረገላት።

ወደ መስኮቱ አየች። ሳህኑ ሞልቶ ድንቢጦቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

“ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ነበረ እንዴ?” አለች።

“ነበረ።”

“ምነው ሳትነግረኝ?”

“ልወልውለው?”

“አሁን እየበሉ ነው” አለችው።

እሺ አለና የመነጽሩን ማኅደር እጇ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጦ ወጣ።