የእትዬ ዓለምነሽ ጆንያ

ስለ እትዬ ዓለምነሽ ጻፍ ተብዬ ነው። ጽሑፍ ላይ ብዙም አይደለሁም። ግን ያን ቅዳሜ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነኝና እንደመጣልኝ እሞክራለሁ።

እትዬ ዓለምነሽና እኔ እዚህ ፈረንጅ አገር ኦቤትስ በምትባል ከተማ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ነው የምንሠራው። እሳቸው ካርቶን ያሽጋሉ፣ እኔ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። መኪና ስለሌላቸው ዋይንላንድ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር ከቤታቸው ወስጄ እመልሳቸዋለሁ። ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጎንበስ ይላሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ እኮ የልጅ ልጅዎ ይሆናል» ስላቸው፣

«ምን ላድርግ ጣሰው፣ ወገቤ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላሉ።

በፈረንጆቹ 2021 በጋ ላይ ጎረቤታቸው ኬሊ፣ ትያትር አስተማሪ ናት፣ ሰፈሩ ፓርክ ውስጥ ትያትር ላሳይ ብላ ተነሳች። ሰው በኮቪድ ቤቱ ከርሞ ስለነበር ውጭ ሜዳ ላይ ይሁን ተባለ። ታሪኩ የድሮ ነው፣ የጀርመን አገር ገበሬዎች ታሪክ። መሬቱ የመሳፍንትና የቤተ ክርስቲያን ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ከዚያ ግብር አምጣ፣ አስራት አምጣ ይባላል። በመጨረሻ በቃን ብለው መንሽና ማጭድ ይዘው ተነሱ። አለቁ እንጂ አላሸነፉም። ኬሊ የሰበሰበችው የሰፈሩን ሰው ነው። እኔንም እትዬን ላደርስ ብሄድ መንሽ አስያዘችኝ።

ቢታንያ፣ የእትዬ ልጅ፣ ታሪኩን ስትተረጉምላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ፈረንጅም ጭሰኛ ነበር እንዴ?»

«ኦፍ ኮርስ፣ እማዬ።»

«እና አንከፍልም አሉ? ጳጳሱን? ፊት ለፊት?»

«የስ።»

«ወይ ጉድ!» አሉና እጃቸውን አወጡ። እኔ እትዬ ዓለምነሽ ሰው መሀል እጃቸውን ሲያወጡ አይቼ አላውቅም።

ኬሊም ትልቁን ቦታ ሰጠቻቸው። ጳጳሱ እህል ሊወስድ ሲመጣ አንዲት ሴት ጆንያዋን አቅፋ አልሰጥም ትላለች። ገበሬው ሁሉ እሷን አይቶ ነው የሚነሳው። እሷ ከለቀቀች ትያትሩ የለም።

ጳጳሱ ዴቭ ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። በመጀመሪያው ልምምድ መጋረጃ ለብሶ፣ የእንጨት መስቀል ዘርግቶ መጣ። እትዬ ዓለምነሽ ጆንያውን መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጎንበስ አሉና መስቀሉን ተሳለሙት፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ። ቀና ሲሉ የጳጳሱ ወታደሮች የሆኑት ጆንያውን ይዘው ሄደዋል።

ዴቭ ግራ ገብቶት «ጋድ ብለስ ዩ» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

«እማዬ፣ ኖ! አንቺ እኮ አመጸኛዋ ነሽ!» አለች ቢታንያ።

በሚቀጥለውም ልምምድ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላም። ለነገሩ በበሽታው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መስቀል መሳለም ከቀረ ቆይቶ ነበር፤ ናፍቋቸውም ይሆናል። ኬሊ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ቸገራት። «ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ለሌላ ሴት ብሰጠው ይከፋቸዋል?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። መኪና ውስጥ ነገርኳቸው።

«ይተዉት እትዬ፣ ትያትር ነው።»

«ላንተ ትያትር ነው።» ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር የሚያርሰው። ገበዙ አውድማ ድረስ ይመጣና መስቀል ያሳልመዋል። አባቴ ተሳልሞ ቀና ሲል እህሉ አህያ ላይ ነው። እናቴ፣ ‹ምነው አንድ ቃል ብትተነፍስ!› ትለዋለች። ‹መስቀል ይዞ እኮ ነው፣ ምን ልበል?› ይላታል። ያቺን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ።»

ቤታቸው በር ላይ አቆምኩ።

«ለሴትዮዋ ንገራት» አሉኝ ሲወርዱ፣ «ቅዳሜን ብቻ ትተውልኝ። እኔ ልበልለት።»

ነገርኳት። ኬሊም እሺ አለች።

ቅዳሜ ሰው ከነልጁ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። የእትዬን ጆንያ ከመኪና ላወርድ ብል ከበደኝ።

«ይሄ ጋዜጣ አልነበረም እንዴ ውስጡ?»

«አወጣሁት። ሰው ጋዜጣ አቅፎ ከጳጳስ አይጣላም። የቤቴ ሩዝ ነው።»

ትያትሩ ተጀመረ፣ ዴቭ መስቀሉን ዘርግቶ መጣ። እኔ መንሼን ይዤ ከእትዬ ኋላ ቆሜያለሁ። ሲጠጋቸው ወገባቸው ሲታጠፍ አየሁ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ቢታንያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እትዬ መስቀሉን ተሳለሙ። በግንባራቸውም ነኩት።

ጆንያው ግን መሬት አልተቀመጠም። በግራ ክንዳቸው እንዳቀፉት ነው። ወታደሩ ጎተተ፤ እትዬ አብረው ተጎተቱ እንጂ አልለቀቁም። ከዚያ ቀና አሉ። ለካ እትዬ ዓለምነሽ ረጅም ሴት ናቸው! ስንት ጊዜ አብሬያቸው ስሠራ ልብ አላልኩትም ነበር። ያስጠኗቸው እንግሊዝኛ ጠፋባቸው መሰለኝ፣ በአማርኛ ወጣ፦

«መስቀሉን ተሳልሜያለሁ፣ አባ። እህሉ ግን የልጆቼ ነው። አልሰጥም!»

ዴቭ አማርኛ ከየት ያውቃል? ግን ወደ ኋላ ሄደ። መስቀሉም ወረደ። ሣሩ ላይ ያለው ሰው ጸጥ አለ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። እኔ በዚያች ሰዓት መጮኽ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ነገር ከላይ የወረደብኝ ያህል ገላዬን ሁሉ ወረረኝ። ኬሊ ከኋላ «ጎ! ጎ!» ስትል ነው የነቃሁት። ከዚያማ ጮኽን። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም።

በታሪኩ መጨረሻ ሁላችንም ሞተን ተጋደምን። እትዬም ሞቱ፣ ጆንያቸውን እንዳቀፉ። ሲያልቅ ዴቭ እንባውን ጠርጎ ሊያነሳቸው መጣና ጆንያውን ልያዝልዎ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ኖ!» አሉት። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

እኔም ልያዝልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ መኪናዬን እዚያው ትቼ በእግር ሄድን። እሳቸው ሩዛቸውን ተሸክመው ከፊት፣ እኔ መንሹን እንደያዝኩ ከኋላ።